ዓሣ ያደለብኩበት ዓመት

ኮራል የሚባለውን የባሕር ውስጥ ፍጡር በዓይኔ ያየሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያየሁትም አላማረኝም። በቀይ ባሕር ዳር ባለች አንዲት ከተማ ለስብሰባ ተጠርተን ሳለ አዘጋጆቹ አንድ ከሰዓት በጀልባ ሊያዝናኑን ወሰኑ። የጀልባዋ ወለል መስታወት ነው። አስጎብኚያችን ከመነሣታችን በፊት፣ ቤቱ ሳይጠረግ እንግዳ እንደ መጣበት ሰው እየተሽኮረመመ፣ ዘንድሮ ውሃው ትንሽ አረንጓዴ ሆኗል አለን። አጎንብሰን አየን። ከመስታወቱ ሥር የተልባ ልጋግ በመሰለ አረንጓዴ ነገር የተሸፈነ ድንጋይ ተዘርግቷል። ድንጋዩ ድንጋይ ሳይሆን ሕይወት ያለው፣ ወይም እስከ ቅርብ ጊዜ ሕይወት የነበረው ነገር ነው ተባልን። ከጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ካሜራቸውን መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ነፋሱ ዞረና ሽታው መጣ።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። የበሰበሰ ጎመን ነው፤ ከጎመኑ ሥር ዓሣ፣ ከዓሣው ሥር ደግሞ የዛገ ብረት የሚመስል ነገር አለበት።

አስጎብኚው ምክንያቱን ነገረን። ከእርሻና ከከተማ እየታጠበ የሚወርደው ማዳበሪያና ፍሳሽ አልጌ የሚባለውን ይህን አረንጓዴ ነገር ያደልበዋል፤ የደለበው አልጌ ኮራሉን ይለብሰዋል፤ ፀሐይ ይከለክለዋል። ሌሎቹ እንግዶች ብዙ ጠየቁ። እኔ አንድም ነገር አልጠየቅኩም፤ ይህን ትምህርት በአሥር ዓመቴ፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራ፣ አንድ ኩሬ ዳር ተምሬዋለሁ። የጎጃም ውሃ ወደ ቀይ ባሕር አይወርድም፤ ዓባይ የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ በጀልባዋ ውስጥ የተሰማኝ ጥፋተኝነት በጂኦግራፊ አይደገፍም። ቢሆንም የዚያን ዕለት ራት አልበላሁም። ራቱ ዓሣ ነበር።

ኩሬያችን የዶቅማው ኩሬ ይባላል፤ ዳሩ ላይ በቆመው ትልቅ የዶቅማ ዛፍ ነው ስሙን ያገኘው። ስለ ገጠር የሚጽፉ ሰዎች ኩሬ ካጋጠማቸው "እንደ መስታወት የጠራ" ማለት ይወዳሉ። የእኛ ኩሬ ጠርቶ አያውቅም። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ተርፎ ይገባበታል፣ ዓሣም ይዞለት ይመጣል፤ መስከረም ላይ ወንዙ ወደ ቦታው ሲመለስ ውሃውም ዓሣውም እዚያው ታግተው ይቀራሉ። ከብት ይጠጣበታል፣ ልብስ ይታጠብበታል። ከላዩ ያለው ተዳፋት የአባቴ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ ነው።

በኩሬው ዳር ከሰው ሁሉ ይበልጥ የሚገኘው አያ ልየው ነበር። ያኔ ገና የወደቀው መንግሥት ወታደር ነበር፤ ምጽዋ፣ መርከብ ላይ። መንግሥቱ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነና እሱም ከአንድ ብርድ ልብስና ከአንድ ጥቅል የናይለን ክር በቀር ምንም ሳይዝ አገሩ ገባ። እናትና አባቱ ሞተው፣ መሬቱም ለሌላ ተሸንሽኖ ነበር። ስለዚህ ከሽቦ መንጠቆ እየሠራ፣ ከቀርከሃ ወጥመድ እየጎነጎነ ዓሣ ያወጣ ጀመር። በእኛ አገር ዓሣ የሚበላ ሰው አለ፤ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር ሰው ግን እንደ ሙሉ ሰው አይቆጠርም ነበር። በነቢያት ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። እንደ ታዘብኩት፣ አይበላም የሚሉት ሰዎች አያ ልየው ዘንድ ልጅ ይልካሉ፤ ይበላል የሚሉት ራሳቸው ይመጣሉ።

እኔ ውሃ ልቀዳ ስወርድ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ስለ ጦርነት ጠይቄው አላውቅም፤ ስለ ባሕር እንጂ።

"አያ ልየው፣ ከባሕሩ ሥር ምን አለ?"

"የአትክልት ቦታ።"

"ማን ተከለው?"

"ማንም አልተከለው። ድንጋዩ ራሱ ያብባል። ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ አለ። ዓሣው በመሐሉ እንደ ቢራቢሮ ይመላለሳል።"

"ድንጋይ ምን በልቶ ያብባል?"

ክሩን እየሳበ አሰበ። "እሱን አለቆቼ አልነገሩኝም፣ ሻምበል።"

ሻምበልነቱን የሾመኝ እሱ ነው። መርከቡ ላይ ብዙ የሚጠይቅ ሰው ሻምበሉ ብቻ ነበር ብሎኛል። ሹመቱ እስክሞት የሚጸና መስሎኝ ነበር።

ያ ዓመት ማዳበሪያ በብዛት የገባበት ነው። ከዚያ በፊትም ነበር፤ ነገር ግን የሰነፍ መድኃኒት ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ያን ዓመት ከወረዳው አንድ የልማት ሠራተኛ መጥቶ ከኩሬው በላይ ያለውን የአባቴን ማሳ ሰርቶ ማሳያ አደረገው። አባቴ ዳፑንና ዩሪያውን በጠርሙስ ክዳን እየለካ በየበቆሎው እግር ሥር ሲያኖር፣ ለሕፃን መድኃኒት የሚያጠጣ ይመስል ነበር። ሐምሌ ሲያልቅ የእኛ በቆሎ የጎረቤቶቻችንን በቆሎ ከላይ ሆኖ ያይ ጀመር። ሰው ከሩቅ ቀበሌ እየመጣ አየው። አባቴ ዝቅ ብሎ የሚናገር ሰው ነበር፤ ያን ክረምት ግን ድምፁ ተቀየረ።

ማዳበሪያው ካለቀ በኋላ ጆንያው ይቀራል፤ ሰው ከማዳበሪያው ይልቅ ጆንያውን ይወደው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፈው ራስ ላይ ሲያጠልቁት ከገሳ የተሻለ ዝናብ ይመልሳል። ተርትረው ሲሰፉት በርበሬ ማስጫ ይሆናል። ዱቄት ይያዝበታል፣ በር ላይ ይጋረዳል፣ ለቅሶ ቤት ይቀመጡበታል። ነገር ግን አስቀድሞ መታጠብ አለበት፤ ከስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ፍንካች ዱቄቱን ያመርረዋል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ፣ በርበሬው መቅላት ሲጀምር፣ የመንደሩ ሴትና ልጃገረድ ሁሉ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ ዶቅማው ኩሬ ይወርዳል። የእኛን የማጥበው እኔ ነበርኩ።

"ሦስት ጊዜ ገልብጠሽ እጠቢ" ትለኛለች እማ። "ዱቄት ነው የምንጨምርበት። እጅሽን እንዳትልሽ።"

የእኛን ስጨርስ የሌላም አጥባለሁ፤ አንዳንዱ ቤት ልጃገረድ የለውም። ከጆንያው የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ግራጫ ነው፤ ቀጥሎ ወተት የመሰለ፤ በሦስተኛው ይጠራል። ኩሬው ሁሉንም ዝም ብሎ ይቀበላል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ልጅነት ንጹሕ ነው የሚሉ ሰዎች የራሳቸውን ልጅነት የረሱ ይመስለኛል፤ የእኔ አብዛኛው ስሌት ነበር። ስሌቱ ይህ ነው። አንድ ክዳን ማዳበሪያ አንድ በቆሎን ከሰው በላይ ያስረዝማል። የአያ ልየው ዓሦች ቀጫጮች ናቸው፤ ሰው ሲገዛው "ይኼ አጥንት ነው" እያለ ያፌዝበታል። ዓሣም እንደ በቆሎ እግሩ ውሃ ውስጥ ነው። እንግዲህ ምን ይከለክላል? በዚያ ላይ የኩሬው ሥር ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ምን በልቶ እንደሚያብብ አያ ልየው ያልነገረኝ ስለማያውቀው ነው፤ እኔ ግን የደረስኩበት መሰለኝ።

ጎተራው ሥር ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ተርፎ ነበር። አንገቷ ተሰንጥቆ በጅማት የተሰፋች ጥቁር የእማ ቅል አለች። በአራት ቀን አራት ቅል ወሰድኩ። ከጆንያዎቹ መሐል ደብቄ ወርጄ፣ ከዶቅማው ሥር ጎንበስ ብዬ፣ ለዶሮ ጥሬ እንደሚበትን ሰው በተንኩት። ውሃው ነጭ ጠጠሩን ወዲያው ዋጠው። አፌ ውስጥ ጸሎት ነበረኝ፤ እንዲወፍሩ የሚል።

ወፈሩ። በጥቅምት መጨረሻ አያ ልየው ቀረሶ ከሚባለው ዓሣ አንዱን መዳፉ ላይ አጋድሞ ብዙ ጊዜ አየው። ጀርባው ሰፍቷል፣ ሆዱ ያብረቀርቃል።

"ዘንድሮ ምን አግኝተው ነው?" አለ፤ የጠየቀው ዓሣውን ይሁን እኔን እንጃ።

ያን ያህል የኮራሁበት ቀን የለኝም።

ውሃውም ያን ሰሞን አረንጓዴ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ስስ ነበር፤ የመስከረም መስክ ጥላ የወደቀበት ይመስላል። የአባቴ እንግዶች አይተው "ምድሩ ብቻ ሳይሆን ውሃውም ለመለመ" አሉ። ከዚያ እየወፈረ ሄደ። ኅዳር ሲገባ ዳር ዳሩ እንደ ተልባ ይዝለገለግ ጀመር፤ እንስራ ስነክር አፉ ላይ ይጠመጠማል። ፀሐይ ሲበረታ አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይሞታል፤ የሞተውም ይሸታል። የአረንጓዴውን ነገር ስም በመጽሐፍ ያገኘሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ዋቅላሚ ይሉታል፣ አስጎብኚው አልጌ ያለውን። ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣው ውሃ ውስጥ እያለ ይታፈናል፤ አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ለሚጠጣው ከብት መርዝ ነው። ያኔ የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ማለዳ ስወርድ ያደለብኳቸው ቀረሶዎች በሙሉ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈው ነበር። ባለ ጢሞቹ ዓሦች፣ አምባዛዎቹ ብቻ አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

አያ ልየው ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆሞ ነበር። አንዱን አነሣና አሸተተው።

"ብርብራ አይደለም" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ብርብራ ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል። በየወንዙ የሚያውቀው ያውቀዋል። ሰው ሳይከሰው ለምን መልስ እንደሚሰጥ አልገባኝም ነበር። እሱ ግን ሠራዊት ቤት የኖረ ሰው ነው፤ ክስ ከየት እንደሚመጣ ከሩቅ ያውቅ ነበር።

በዚያው ሳምንት የእትዬ ይታይሽ ጥጃ ከኩሬው ጠጥታ ወደ ቤት ስትመለስ እግሯ ከዳትና መንገድ ላይ ሞተች። እትዬ ይታይሽ ባል የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ጥጃዋን እንደ ሰው አልቅሳ ቀበረቻት። ሦስት ቀን ቆይቶ የአባ ይርሳው ሁለት በሬዎች ሞቱ። አባ ይርሳው የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው በሬ ሲሞት የአገር በሬ ሞተ ማለት ነው።

እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ላማችን ዳልቻ ወደ ኩሬው ስታቀና ሮጬ ፊቷ እቆማለሁ። አባቴ ከማሳው ሆኖ አየኝ።

"አንች፣ ላሟን ለምን ትመልሻታለሽ?"

"ውሃው ይሸታል።"

"ከሸተታት እሷ ትተወዋለች። ልቀቂያት።"

አልለቀቅኳትም። ቀንዷን ይዤ ወደ ወንዙ እየጎተትኩ ወሰድኳት። አባቴ ምን ነካት ይህችን ልጅ ብሎ ቀረ። የዚያን ዕለት ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ነገር ግን በቆሎውን የሚያይ እንግዳ መጣ።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ ቀን በየሰፈሩ ጥራጊ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ጢሱ በሽታ ያስወጣል ይባላል። ያን ዓመት ሰው ጥራጊውን ኩሬው ዳር አምጥቶ አጨሰው። አሮጌ ቅርጫት፣ የበሰበሰ ሣር፣ የተቀደደ ጫማ ተቃጠለ። ጆንያ ያቃጠለ ሰው አላየሁም። ጢሱ አረንጓዴው ውሃ ላይ ተኝቶ ዋለ፤ በማግሥቱ ውሃው እንዳለ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰው በሽታ ነው ማለቱን ትቶ የሰው ሥራ ነው ማለት ጀመረ። "ብርብራ ነው" አሉ። "ወታደሩ ነው" አሉ።

አባ ይርሳውና ሽማግሌዎቹ አውጫጭኝ ጠሩ። የማያውቅ አንባቢ ካለ እነሆ፦ ጥፋት ሲሠራና ጥፋተኛው ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አይሄድም፤ በየቀኑ እየተመለሰ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በተራው ተነሥቶ ያየውን ይናገራል። በአደባባይ መናገር የፈራ ለሽማግሌ በጆሮው ሹክ ይላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ወፍ ይሉታል፤ ማንነቱ አይገለጥም። ዛሬ በየአዳራሹ ይህን ሥርዓት የሚያሞግስ ጥናት ስሰማ እጄን አላነሣም። እንደ እኔ እምነት አውጫጭኝ የሚያወጣው እውነትን ሳይሆን ሰውን ነው፤ ቆይታው በረዘመ መጠን አንድ ሰው መውጣቱ አይቀርም፤ ያን ዓመት ደግሞ በርበሬው ደርሶ ነበር።

ከዶቅማው ሥር ሦስት ቀን ተቀመጥን። መሬቱ ከኩሬው በሚተነው እርጥበት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሁሉም ከቤቱ መቀመጫ ይዞ መጥቷል። መቀመጫው ነጭ ጆንያ ነበር፤ ታጥቦ የደረቀ፣ ጽሕፈቱ የደበዘዘ። ከዳር እስከ ዳር ሜዳው ነጭ ሆኗል። ማንም ያን አላየም፤ እኔም አላየሁትም፤ የማየው የአያ ልየውን ጀርባ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ተራው ደረሰና ተነሣ።

"ልየው፣ ከኩሬው ዳር የማትጠፋው አንተ ነህ" አሉ አባ ይርሳው። "ብርብራ ጨምረሃል?"

"አልጨመርኩም አባ። በሬ የሚገድል ብርብራም አላውቅም።"

"እንግዲያ ማንን አየህ? ወደ ውሃው ምን ሲጥል?"

አያ ልየው ወደ ኩሬው አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

"ያየሁት ሰው የለም።"

"ስትዋሽ ያስታውቅብሃል፣ ወታደር" አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሳቅ ተነሣ።

"ምን ላድርግ፣ ባሕር ኃይል ዋና ነው እንጂ ውሸት አላስተማረኝም" አለና ተቀመጠ። የሳቀ የለም።

በሦስተኛው ቀን ነገሩ መረረ። በርበሬው ከተክሉ ላይ እየረገፈ ነበር፤ ሴቶቹ ቁልቁል ወደየማሳቸው እያዩ ይቁነጠነጣሉ። "የሚናገር ይናገርና እንሂድ እንጅ" ይላል አንዱ፤ "የታወቀውን ነገር ምን ያስጠብቀናል" ይላል ሌላው። ዓይን ሁሉ አያ ልየው ላይ ነው። እኔ ከእማ ጎን ተቀምጬ ቀስ በቀስ ተረዳሁ፤ እኔ ካልተናገርኩ እሱ ሊጠፋ ነው። ብናገር ደግሞ የአባ ይርሳውን በሬዎች የገደለችው የአባቴ ልጅ ናት። ተነሣሁ። እማ ሽንቴ የመጣ መስሏት ለቀቀችኝ።

በሰው ሁሉ መሐል ተራምጄ አባ ይርሳው ዘንድ ደረስኩና ጆሯቸውን ለመንኳቸው። እጄን ይዘው ከዶቅማው ግንድ ኋላ ወሰዱኝ።

"ተናገሪ ልጄ።"

"እኔ ነኝ። አራት ቅል ዩሪያ ጨመርኩ። ዓሦቹ እንዲወፍሩ።"

ፊታቸው አልተለወጠም። "አባትሽ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ከአራቱ ቅል ሌላስ?"

"ሌላ አልጨመርኩም። ጆንያ ብቻ ነው ያጠብኩት።"

"የማንን ጆንያ?"

"የኛን። የእትዬ ይታይሽን። የሁሉም ሰው ጆንያ እዚህ ነው የታጠበው። የአንቱንም አምስት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እማ ልካኝ።"

አባ ይርሳው ከግንዱ ጥግ ሆነው ወደ ተሰበሰበው ሰው ተመለከቱ። ምን እንዳዩ ዛሬም አላውቅም። ያን ነጭ ሜዳ አይተውት ይሆናል። ከላይ የአባቴን በቆሎ፣ ቁልቁል ወደ ኩሬው ያዘነበለውን ተዳፋት አይተውትም ይሆናል። ብልህ ሰው ነበሩ። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩ።

"ሰማሁ። ሂጅ፣ ተቀመጭ። ይህን ነገር ለማንም ደግመሽ እንዳትናገሪ።"

ከግንዱ ኋላ ስወጣ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። አያ ልየውም ያየኝ ነበር። ከኩሬው ዳር ከእሱ ጎን የምትቀመጥ ልጅ፣ ከሽማግሌው ጋር ሹክ ስትባባል። እኔ ግን ድኗል ብዬ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተነጥለው ተመካከሩ፤ ብዙም አልቆዩም። አባ ይርሳው ተነሡና ወፍ ተናግራለች አሉ። ከዚያ የአያ ልየውን ስም ጠሩ። ሰው ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። ፍርዱ አጭር ነበር፤ እሳት የሚሰጠው፣ ውሃ የሚያቀብለው፣ ቢሞት የሚቀብረው አይኑር፤ ከአገር ይውጣ። ቀበሌው እንዳልሰማ ሆነ።

ልጮህ ፈልጌ ነበር። እማ አፌን በእጇ ያዘችኝ፤ ለምን እንደያዘችኝ አልጠየቅኳትም፤ ስለ ጎደለው ዩሪያ ወይም ውስጧ በዩሪያ ስለ ነጣው ቅሏ አንድም ቀን አላነሣችብኝም። ሰው ጆንያውን እያራገፈ፣ እየጠቀለለ፣ ወደ በርበሬው ሮጠ። ሜዳው ባዶ ሆነ። አያ ልየው ብርድ ልብሱንና ክሩን ይዞ ከጎጆው ሲወጣ በእኛ ደጅ አለፈ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር። አየኝ፤ አልተቆጣም፣ አልሳቀም፣ ሻምበል አላለኝም። ያን አስተያየት ለመተርጎም ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ አንዱም አልረዳኝም።

በዓመቱ ጥቅምት ደረሰና እማ ጆንያዎቹን ሰጠችኝ። እኔ ወደ ኩሬው አልወረድኩም። ከወንዙ ውሃ በእንስራ እየቀዳሁ፣ ተዳፋቱ ላይ፣ የአባቴ ማሳ ጥግ አጠብኳቸው፤ እጣቢውን መሬት ላይ ደፋሁት። በሚቀጥለው ቀን የመጨረሻው የጥቅምት ዝናብ ዘነበ። ውሃ ቁልቁል እንደሚወርድ አውቅ ነበር፤ ግን ያን ያህል አስቤ አላውቅም። በዚያ ላይ እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ ሌላው ሁሉ እንደ ልማዱ ኩሬው ዳር ነበር።

ኅዳር ላይ የዶቅማው ኩሬ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ከአምናው የባሰ ነበር። ቀረሶ ያለቀው አምና ነው፤ ወንዙም ያን ክረምት ሌላ አላመጣም፤ ዘንድሮ የሚንሳፈፍ አልነበረም። ከብት ግን ሞተ። ብርብራ የሚጨምር ወታደር አገር ውስጥ አልነበረም፤ አውጫጭኝ የጠራም አልነበረም። አባቴ "ሙቀቱ ነው" አለ። አባ ይርሳው ከብታቸውን ወንዝ ማጠጣት ጀመሩ፤ ምክንያቱን ለማንም አልነገሩም። ሰውም እሳቸውን አይቶ ወደ ወንዝ ወረደ።

በተከታዩ ግንቦት አባቴ ማዳበሪያ ለማምጣት ቡሬ ሲሄድ አህያውን እንድነዳ ወሰደኝ። ከማከፋፈያው ደጅ ሰልፉ ረጅም ነበር። ከመንገዱ ማዶ አንድ የእህል ነጋዴ መጋዘን አለ፤ ሐጂ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው ባለቤቱ። በመጋዘኑ በር ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ በወስፌና በሲባጎ የጆንያ አፍ ይሰፋል። የጎጃም ሰው እንዲህ አይሰፋም፤ ቋጠሮው የመርከበኛ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ፊቱ ቆምኩ።

ቀና አለ። ትንሽ ከስቷል።

"ሻምበል" አለኝ። "ኩሬው እንዴት ነው?"

"ባለፈው ኅዳርም አረንጓዴ ሆነ።"

"አይ እንግዲህ" አለ፤ በአፍንጫው ሳቀ። "እኔ እንኳ እዚህ ነበርኩ፤ ሐጂ ምስክሬ ናቸው።"

አንድ ዓመት ተኩል አፌ ውስጥ የያዝኩት ነገር ነበረኝ። "ያን ቀን ለአባ ይርሳው የነገርኳቸው..." ብዬ ጀመርኩ።

እሱ ሲባጎውን በጥርሱ እየቆረጠ ነበር።

"ጥቁሯ ቅል ደህና ናት?" አለኝ። "አንገቷ የተሰፋችው።"

ከዶቅማው ሥር ጎንበስ ብዬ ስበትን ወጥመዱ ጋ ቆሞ አይቶኝ ነበር። አራቱንም ቀን ይሁን አንዱን ብቻ አላውቅም። ማንን አየህ ሲባል ወደ ኩሬው ለረጅም ጊዜ ያየው ለዚህ ነው፤ ያየሁት ሰው የለም ያለውም ለዚህ ነው። እኔ ግን ከግንዱ ኋላ ምን እንደተናገርኩ አያውቅም፤ ስሙን የሰጠኋቸው ሊመስለው ይችላል። ሊያውቅ የሚችለው ከእኔ ብቻ ነበር።

"አያ ልየው፣ እኔ..."

"ያን ዓመት ዓሦቹ ወፍረው ነበር" አለኝ። "እውነቴን ነው ሻምበል። እንዲያ ያለ ዓሣ ምጽዋም አላየሁም።"

ከዚያ ሌላ ጆንያ ሳበና አፉን አጥፎ መስፋት ጀመረ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ቀና አላለም። ከማዶ አባቴ ስሜን ጠራ። ሁለት አዲስ ጆንያ አህያው ላይ ጭኖ ገመዱን እያጠበቀ ነበር፤ ነጫጭ ናቸው፣ ጽሕፈታቸው ገና አልደበዘዘም። ተሻግሬ የአህያውን የአንገት ገመድ ያዝኩ።